የጨቅላ ሕፃናት የልደት ልኬትና የእናቶች ሁኔታ፦ 2,500 ግራም ምን ይነግረናል?

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መዝገብ ላይ ከሚሰፍሩት ቁጥሮች መካከል ሐኪሙም ቤተሰቡም አስቀድመው የሚጠይቁት ክብደቱን ነው። ቁጥሩ ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ ሕፃኑ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ካላቸው ጋር ይመደባል፤ ከ1,500 ግራም በታች ከሆነ በጣም ዝቅተኛ፣ ከ1,000 ግራም በታች ከሆነ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ይባላል። በላይኛው በኩል 4,000 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ከመጠን በላይ የገዘፈ ተብሎ ይቆጠራል። ድንበሮቹ ለሥራ ይመቻሉ፤ አዋላጇ ነርስ የትኛውን ሕፃን በተለየ ጥንቃቄ መያዝ እንዳለባት ቶሎ ያመለክቷታል። ችግሩ የሚመጣው ለአፋጣኝ ውሳኔ የተሰመረ መስመር ጽንሱ እንዴት እንዳደገና እናቲቱ በምን ሁኔታ እንደ ኖረች ጭምር የሚናገር ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

መስመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፊንላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም አርቮ ዩልፖ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ 2,500 ግራምን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ለመለየት ይጠቀምበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ሲመሠረት ይህንኑ ልማድ ወረሰ፤ ከዚህ ክብደት ያላለፈውን ሁሉ ያለ ጊዜው እንደ ተወለደ ይቆጥር ነበር። በ1961 ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስያሜው ተለወጠ፤ ከትንንሾቹ ሕፃናት ብዙዎቹ ወራቸውን ጨርሰው የተወለዱ መሆናቸው ግልጽ እየሆነ በመምጣቱ፣ ክብደትና የእርግዝና ዕድሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርገው እንዲታዩ ተደረገ።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ34ኛው ሳምንት 2,400 ግራም ሆኖ የተወለደ ሕፃን ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አድጓል፤ የሚያሰጋው ሳንባው አለመጠንከሩ፣ ሙቀቱን መጠበቅ አለመቻሉና ለመጥባት አቅም ማጣቱ ነው። በ40ኛው ሳምንት በዚያው 2,400 ግራም የተወለደው ግን በማህፀን ውስጥ ሳለ ዕድገቱ ተገትቷል፤ ሳንባው ደርሷል፣ ነገር ግን ያጠራቀመው ስንቅ ስለሌለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድ ይችላል። የመጀመሪያው እናት ምጥ ለምን ቀድሞ መጣባት ተብሎ ይጠየቃል፤ የሁለተኛው እናት ደግሞ ምግቡና ኦክስጅኑ ወደ ጽንሱ ሳይደርስ የቀረው የት ላይ ነው ተብሎ ይጠየቃል። መዝገቡ ክብደትን ብቻ ከያዘ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይሆኑና ለሁለቱም የሚሆን መልስ ይጠፋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እና የዓለም ጤና ድርጅት ባወጡት ግምት በ2020 ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱት ሕፃናት 19.8 ሚሊዮን ነበሩ፤ ይህም ከተወለዱት 14.7 ከመቶ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 ያስቀመጠው ግብ ቁጥሩን እስከ 2025 በ30 ከመቶ መቀነስ ቢሆንም፣ ከ2012 እስከ 2020 የታየው ቅናሽ በዓመት በአማካይ አንድ ከመቶ እንኳ አልሞላም። ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት የቁጥሩ መኖር ራሱ ያጠያይቃል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱት መካከል የልደት ክብደታቸው የታወቀው 14 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም 13 ከመቶ ያህሉ ከ2,500 ግራም በታች ነበሩ። በዚያ ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች 26 ከመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከመቶ ከፍ ብለዋል። እንግዲህ 13 ከመቶ የሚለው ቁጥር ሚዛን አጠገብ መድረስ የቻሉትን፣ በአብዛኛው የከተማና የተሻለ ኑሮ ያላቸውን እናቶች ልጆች የሚመለከት ነው። ሚዛን ያላየው ሰፊው ክፍል ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብሎ ለማሰብ ምንም ምክንያት የለም።

ክብደቱ ተወስዶ ሲገኝም አወሳሰዱ መታየት አለበት። ማንኛውም ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 7፣ አልፎ አልፎም እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል፤ የሚመልሰውም በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የተመዘነ 2,450 ግራም ሕፃን ሲወለድ ከመስመሩ በላይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ልብስና ጨርቅ ሳይወልቅ መመዘን፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን አለማረጋገጥ፣ በየ100 ግራሙ ብቻ ምልክት ያለው የተንጠልጣይ ሚዛን መጠቀም የየዕለት ስሕተቶች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ማጠጋጋት ነው። በብዙ አገሮች መዝገቦች ላይ 2,500፣ 3,000 እና 3,500 ከጎረቤቶቻቸው ቁጥሮች እጅግ በዝተው ይታያሉ፤ ተፈጥሮ እንዲህ ክብ ቁጥር አትወድም። ዝቅተኛ ክብደት የሚባለው «ከ2,500 በታች» እንጂ 2,500ን የሚጨምር ስላልሆነ፣ 2,450 ግራም የነበረው ሕፃን «ሁለት ተኩል» ተብሎ ሲጻፍ ከአደጋው ዝርዝር ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚጠፉት ሕፃናት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ያሉት፣ ማለትም ቁጥራቸው ከሁሉ የበዛው ናቸው።

ክብደት ብቻውን ሰውነቱ እንዴት እንደ ተሠራ አይነግርምና ርዝመትና የጭንቅላት ዙሪያ አብረው ይለካሉ። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ መሠረት ሲወለድ የወንድ ሕፃን መካከለኛ ክብደት 3.3 ኪሎ ግራም፣ ርዝመቱ 49.9 ሴንቲ ሜትር፣ የጭንቅላቱ ዙሪያ 34.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሴቷ 3.2 ኪሎ ግራም፣ 49.1 እና 33.9 ሴንቲ ሜትር። ርዝመትን በትክክል ለመለካት ጭንቅላት የሚደገፍበት ቋሚ ጫፍና እግር ላይ የሚገፋ ተንቀሳቃሽ ጫፍ ያለው ሰሌዳ፣ እንዲሁም ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። በአልጋ ላይ ሜትር ዘርግቶ አንድ እግር ብቻ ስቦ የሚወሰደው ርዝመት በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ይህ ትንሽ ቢመስልም ቅጥነትን ለማወቅ ክብደት የሚካፈለው ለርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ (ርዝመት × ርዝመት × ርዝመት) ስለሆነ፣ በ49 ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ውጤቱን በ6 ከመቶ ገደማ ያዛባዋል። የጭንቅላት ዙሪያ ደግሞ በማይለጠጥ ሜትር ከቅንድብ በላይና በኋላ በኩል ከሁሉ ወጣ ባለው ቦታ ዙሮ ይለካል፤ በምጥ ጊዜ የተጨመቀ ወይም ያበጠ ጭንቅላት ከአንድ ቀን በኋላ እንደገና ካልተለካ ትክክለኛ መጠኑ አይታወቅም።

በቤት ለተወለዱት የደረት ዙሪያን፣ የክንድ ዙሪያን ወይም የእግር መርገጫ ርዝመትን በክብደት ፈንታ መጠቀም ይቻላል። የደረት ዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። የእግር ርዝመት ይበልጥ ይመቻል፤ ሕፃኑን ሳያራቁቱ፣ ብርድ ሳያስነኩ መለካት ይቻላልና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለአራስ ጥየቃ ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሜትር ብቻ ቢኖር እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያለበትን መለየት ትችላለች።

እነዚህ ልኬቶች አብረው ሲነበቡ ጉዳቱ መቼ እንደ ደረሰ ፍንጭ ይሰጣሉ። ጽንሱ ርዝመቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በእርግዝናው መካከለኛ ወራት ነው፤ ስብና ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ነው። ጉዳቱ ከመጀመሪያው የጀመረ እንደ ሆነ ክብደቱም ርዝመቱም ጭንቅላቱም ተመጣጥነው ያንሳሉ። እጥረቱ በመጨረሻው ሦስት ወር ከመጣ ግን ጽንሱ ያለውን ደም ወደ አንጎሉ ያደላል፤ በውጤቱ ጭንቅላቱና ርዝመቱ ብዙም ሳይጎዱ የከሳ፣ ቆዳው የተጨማደደ ሕፃን ይወለዳል። ይህ ነጥብ ወደ እናቲቱ ሲኬድ ብዙ ነገር ይገልጻልና በኋላ እንመለስበታለን።

በእናት በኩል ከሁሉ ሥር የሰደደው ነገር አካላዊ መጠኗ ነው። በ1938 ዋልተን እና ሃመንድ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እጅግ ግዙፉን የሻየር ፈረስና ትንሿን የሼትላንድ ፈረስ አዳቀሉ። ግልገሎቹ ከአባትም ከእናትም የወረሱት ዘር ተመሳሳይ ቢሆንም፣ እናቱ ሻየር የሆነችው ግልገል ሲወለድ ግዙፍ፣ እናቱ ሼትላንድ የሆነችው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሲወለድ መጠኑን የወሰነው ከዘሩ ይልቅ ያደገበት ማህፀን ነበር። በሰውም ዘንድ የእናት ቁመት ከሕፃኑ ርዝመትና ክብደት ጋር ተያይዞ ይገኛል። የእናት ቁመት ግን በከፊል የራሷ ልጅነት ታሪክ ነው። በኢትዮጵያ በ2016 ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከእነዚህ ሴቶቹ ከ15 እና 20 ዓመት በኋላ የሚወልዱት እነርሱ ናቸው። በታዳጊ አገሮች ከሚታየው መቀንጨር አንድ አምስተኛ ገደማው ከማህፀን ውስጥ እንደሚጀምር የሚገመት በመሆኑ ነገሩ ክብ ይሠራል፦ የቀነጨረች ልጅ አጭር እናት ትሆናለች፣ አጭሯ እናት ትንሽ ሕፃን ትወልዳለች፣ ትንሹ ሕፃንም የመቀንጨር ዕድሉ ይሰፋል። በ2015 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 ለማስቆም ሲነሣ፣ ጊዜው የሚቆጠረው ከልደት በኋላ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ሰውነቷ ገና ማደጉን ያልጨረሰች ልጅ ስታረግዝ የምትበላው ለሁለት ዕድገት ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜም ጽንሱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። የበኩር ልጅ ከተከታዮቹ ይልቅ ቀለል ማለቱ፣ ሴት ሕፃን ከወንድ 100 ግራም ያህል ማነሷ የተለመደ ነው፤ ሥጋት የለውም። ከወሊድ በኋላ 18 ወር ሳይሞላ ማርገዝ ግን ያለ ጊዜ መውለድንና ዝቅተኛ ክብደትን ይጨምራል።

ስለ ምግብ ሲነሣ ጊዜው ትልቅ ቦታ አለው። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወቅት በጀርመን ወረራ ሥር የነበሩት የምዕራብ ኔዘርላንድ ከተሞች ተርበው፣ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። ረሃቡ በመጨረሻው ሦስት ወር የደረሰባቸው እናቶች ልጆች ከሌሎቹ በ300 ግራም ያህል ቀለው ተወለዱ። ረሃቡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደርሶባቸው በኋላ ምግብ ያገኙት ግን የወለዱት በክብደት ከሌላው የማይለይ ሕፃን ነበር፤ እነዚያ ሕፃናት ጎልማሳ ሲሆኑ ነው ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው የተገኙት። ክብደቱ ደኅና የሆነ ሁሉ ደኅና አይደለም ማለት ነው። በጋምቢያ ገጠር ደግሞ ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ኃይል ሰጪ ብስኩት ተሰጥቶ በ1997 በታተመው ጥናት፣ የልደት ክብደት በአማካይ 136 ግራም፣ አዝመራ ሳይደርስ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ግን 201 ግራም ጨምሯል። ያው ምግብ በሁለት ወቅት ሁለት ዓይነት ውጤት ሰጠ። በእኛም ገጠር ሐምሌና ነሐሴ እህል የሚያልቅበት፣ ሥራ ደግሞ የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ የወሊድ መዝገብን ከወቅቱ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ጾምን በሚመለከት አንድ አጭር ነገር ማለት ያሻል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መብላት ይፈቀዳል፤ በእስልምናም ነፍሰ ጡር በረመዳን እንድታፈጥር ፈቃድ አላት። ሆኖም ብዙዎች ሕሊናቸው ስለማይፈቅድላቸው ይጾማሉ። ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ገደማ በሚዘልቀው የኦርቶዶክስ ጾም የሚጎድለው የምግቡ መጠን ብቻ አይደለም፤ ሽሮና ምስር ሆድን ሊሞሉ ይችላሉ። ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ብረት ግን በእህልና በጥራጥሬ አይተካም። በዚህ ረገድ የንስሐ አባት የሚናገረው አንድ ቃል ከጤና ባለሙያው ምክር ይልቅ ሊሰማ ስለሚችል፣ የሃይማኖት አባቶችን ያላሳተፈ የነፍሰ ጡር ሥነ ምግብ ትምህርት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ከጾም ይልቅ ብዙ የማይነገርለት ግን በእርግዝና መጨረሻ ሆን ብሎ ምግብ መቀነስ ነው። በኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ነፍሰ ጡሮች ወተት፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ ተልባ፣ እንቁላልና የመሳሰሉትን የሚተዉባቸው ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ። አንዱ ሕፃኑ ሲወለድ በቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ከእነዚህ ምግቦች የመጣ ነው የሚለው እምነት ነው፤ ቅባቱ ግን የሕፃኑን ቆዳ የሚጠብቅ፣ እናቲቱ ምን በላች ከሚለው ጋር የማይገናኝ ነው። ሁለተኛው ምክንያት «ልጁ ይገዝፍና መውጫ ያጣል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህን እንደ ድንቁርና መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል። ምጥ ለቀናት ተይዛ የሞተችን ጎረቤት፣ ወይም ፊስቱላ ደርሶባት ከሰው የተገለለችን ዘመድ ያየች ሴት ፍርሃቷ ምክንያት አለው፤ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙትም ምጥ ለቀናት ታግዶባቸው ለተጎዱ እንዲህ ላሉ እናቶች ነበር።

ስሕተቱ ያለው በመፍትሔው ላይ ነው፣ ቀደም ሲል ያነሣነው የልኬቶች ንጽጽርም ይህን ያስረዳል። ከዳሌ አጥንት መካከል ማለፍ ያለበት ዋናው የአካል ክፍል ጭንቅላቱ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ ሲቀንስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀንሰው የሕፃኑ ስብና ጡንቻ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚቀንሰው ጭንቅላቱ ነው። እናቲቱ ራሷን አስርባ የምታገኘው የጭንቅላቱ ዙሪያ ብዙም ያልተለወጠ፣ ነገር ግን ስንቅ የሌለው፣ ብርድና ረሃብ የማይችል ሕፃን ነው፤ ራሷም ለምጡ አቅም አይኖራትም። ዳሌዋ ጠባብ የሆነው በልጅነቷ ባላገኘችው ምግብ ነውና ዛሬ በመራብ አይሰፋም። ፍርሃቱን የሚያስታግሰው ምጥ ሲጠና ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ቅርብ መሆኑ፣ ራቅ ላለውም የእናቶች ማቆያ ቤት መኖሩ ነው። ይህ ባልተሟላበት ወረዳ «ብዪ» ብቻ ብሎ መምከር ሰሚ አያገኝም፤ አያስገርምምም።

ደም ማነስ፣ ወባና የደም ግፊት መንገዳቸው ቢለያይም የሚገናኙት በእንግዴ ልጁ ላይ ነው። የወባ ጥገኛ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ምግብና ኦክስጅን እንዳያልፍ ያደርጋል፤ እናቲቱ ትኩሳት ሳይሰማት እንኳ ይህ ሊደርስ ይችላል። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ደግሞ የእንግዴ ልጁን ደም ሥሮች ያጠብባል። ለደም ማነስ የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወሰድ ይመክራል፤ በ2016ቱ ዳሰሳ መሠረት ግን በመጨረሻ እርግዝናቸው የብረት እንክብል 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 ከመቶ ያህል እናቶች ብቻ ናቸው። 42 ከመቶው ጀምረውት ነበር። እንክብሉ ሆድ ያሳምማል፣ ሰገራ ያጠቁራል፣ ወይም «ልጁን ያገዝፋል» በሚል ይተዋል፤ የመጨረሻው ምክንያት ወደዚያው ፍርሃት ይመልሰናል።

ቡናም ቦታ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚጠጡ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በቀን ሁለት ጊዜ ሲደጋገሙ ለዚህ መጠን ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ ደግሞ ቡናም ሻይም ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ሰዓቱን ማራቅና ሦስተኛውን ለጎረቤት መተው ማንንም አያስቀይምም። በእንጨትና በኩበት ጢስ የታፈነ ማድቤት በቀን ለሰዓታት መቆም ሌላው ከዝቅተኛ ክብደት ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ይህን ግን ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን አታስተካክለውም፣ የምድጃና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች ስለ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ብዙ ጥናቶች ይሠራሉ፤ የማስተርስ ተማሪዎች የሚወዱት ርዕስ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛዎቹ በአንድ ወቅት በወሊድ ክፍል ያሉ እናቶችን ጠይቀው ተመሳሳይ ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ፦ ገጠር መኖር፣ ደም ማነስ፣ የክንድ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር ማነስ፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል አለመሟላት፣ ከ37 ሳምንት በፊት መውለድ። ሁለቱ በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ያለ ጊዜ መወለድን የዝቅተኛ ክብደት «መንስኤ» ብሎ ከደም ማነስ ጎን መደርደር ነገሩን በራሱ ማብራራት ነው፤ ቀድሞ የተወለደ ቀላል መሆኑ ግልጽ ነውና ሊጠየቅ የሚገባው ምን ቀድሞ እንዳስወለደው ነው። ከዚህም በላይ ደም ማነስ የሚጎዳው ምጥን በማፋጠን ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ሒሳብ ማስገባት የደም ማነስን ድርሻ ይሸፍነዋል። የክትትሉም ነገር እንዲሁ ነው። በቀድሞው አሠራር አራተኛው ቀጠሮ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ስለሆነ በ34ኛው ሳምንት የወለደች እናት አራቱን ልታሟላ አትችልም። ሕፃኑ ትንሽ የሆነው እናቱ ስላልተከታተለች ሳይሆን፣ ቀጠሮዋ ሳይደርስ ስለ ተወለደ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ስሌት ላይ ተመሥርቶ እናትን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

የእርግዝና ዕድሜ ራሱ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ እዚህ ይነሣል። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በእርግጠኝነት የማታስታውስ፣ ወይም ጡት እያጠባች ሳታይ ያረገዘች እናት ብዙ ናት። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲነሣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መምከሩ ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የሚነሣው ትንሽ የሆነውን ጽንስ ዕድሜው ያነሰ አድርጎ ስለሚገምት ዕድገቱ የተገታውን ይደብቃል።

ሌላው ክርክር የማንን መለኪያ እንጠቀም የሚለው ነው። «የእኛ ሰው ቀጭን ነው፣ ልጁም ትንሽ ቢሆን አይገርምም» የሚለው አስተያየት ከባለሙያዎችም ይሰማል። በ2014 ውጤቱ የታተመው ኢንተርግሮውዝ 21 የተባለው ጥናት ከብራዚል፣ ከጣልያን፣ ከኦማን፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከቻይና፣ ከሕንድና ከኬንያ ጤነኛና በቂ ምግብ የሚያገኙ እናቶችን ተከታትሎ፣ ጽንሶቻቸው በተቀራራቢ መጠን እንደሚያድጉ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ ከአፍሪካ ሄደው በዚያ የወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች አማካይ ክብደት 3,333 ግራም፣ አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች 3,446፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች ደግሞ 3,089 ግራም መሆኑን አግኝቷል። ልዩነቱ የዘር ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ የመጡት ከሌሎቹ ጥቁሮች ጋር ይቀራረቡ ነበር፤ የቀረቡት ግን ለነጮቹ ነው። በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ተወልዶ ማደግ በራሱ የሚያሳድረው ጫና አለ።

የደጋው ከፍታ ጉዳይ ግን በቀላሉ አይታለፍም። በኮሎራዶ በተደረጉ ጥናቶች በየ1,000 ሜትሩ የልደት ክብደት 100 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፣ ከስምንቱ የኢንተርግሮውዝ ጥናት ቦታዎች ደግሞ ብዙዎቹ ቆላ ናቸው። በሌላ በኩል በቲቤትና በአንዲስ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሕዝቦች ከአዲስ መጦች ያነሰ ቅናሽ ነው የሚታይባቸው። በ2002 በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ላይ የተደረገ ጥናት የደማቸው ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ማግኘቱም ይታወሳል። ስለዚህ በደጋ የተወለደን ትንሽ ሕፃን «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ፣ የእናቲቱን ደም ግፊትና ክንድ ሳይለኩ፣ ምቹ ማመካኛ ከመሆን አያልፍም።

በከተማ ደግሞ የመለኪያው ሌላኛ ጫፍ ትኩረት እየጠየቀ ነው። ከእርግዝና በፊት ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ በእርግዝና ጊዜም ስኳራቸው የሚጨምር እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ከ4,000 ግራም ሊያልፉ ይችላሉ፣ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ግራም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በጅማ ከ2008 እስከ 2012 ከዴንማርክ ተመራማሪዎች ጋር በተካሄደው የሕፃናት ክትትል፣ የጨቅላው ሰውነት ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻና ሌላ ሥጋ እንደ ሆነ በአየር መለኪያ ሣጥን ተለክቶ ነበር፤ በኋላ ከሕፃኑ አእምሯዊና አካላዊ ዕድገት ጋር ተያይዞ የተገኘው ስብ ያልሆነው ክፍል ነው። ከስኳር ሕመምተኛ እናት የሚወለድ ሕፃን የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው ስብ ሲሆን በተለይ ትከሻው ስለሚሰፋ፣ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ እትብቱ ሲቆረጥም ከእናቱ ይጎርፍለት የነበረው ስኳር በድንገት ይቋረጥና፣ ቆሽቱ ግን ኢንሱሊን ማምረቱን ስለሚቀጥል፣ እንደ ከሳው ሕፃን ሁሉ የደሙ ስኳር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ 4,200 ግራም የሚል ቁጥር ያነበበች አዋላጅ ሕፃኑን በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ማስያዝ፣ ስኳሩን መለካት፣ የእናቲቱንም ስኳር ከወለደች ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ እንዲታይ ቀጠሮ መስጠት ይጠበቅባታል።